የአየር ጠመንጃ ጥይት መውረድና ባለ ዘንበል የስኮፕ ማሰሪያ፦ ስንት ኤምኦኤ ያስፈልገኛል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጠቀመው በርሜሉ ታጥፎ የሚወጠር፣ ባለ ሞላ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ አየር ጠመንጃ ነው። የምተኩሰው በወረቀት ዒላማ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ቦታውም ከከተማው ወጣ ያለና ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ገመገም ያለበት የዘመድ መሬት ነው። ስኮፕ (ከላይ የሚታሰር የማነጣጠሪያ መነጽር) አስገጥሜ 25 ሜትር ላይ ለማስተካከል ስሞክር ጥይቱ ከዒላማው መሃል የደረሰው የከፍታ ማስተካከያው ወደ መጨረሻው ከተጠጋ በኋላ ነው። ወደ 50 ሜትር ስሸሽ ደግሞ ማስተካከያው ያበቃና ጥይቱ አሁንም ከመሃል በታች ያርፋል። ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ «30 ኤምኦኤ ያዘነበለ ማሰሪያ ብታስገጥም ጥይቱ መውረዱን ያቆምልሃል» ብሎኛል። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት እፈልጋለሁ። ማሰሪያው በእርግጥ የሚሠራው ምንድን ነው? ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ 30 የተባለውስ ቁጥር ከየት መጣ?

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ በመጀመሪያ የነጋዴውን ቃል እናጥራ። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ምድር ትስበዋለች፤ ከላይ የታሰረው ስኮፕ ቢያዘነብልም ባያዘነብልም ለጥይቱ የሚለወጥለት ነገር የለም። ማሰሪያው የሚለውጠው በዓይንህ መስመርና በበርሜሉ መስመር መካከል ያለውን ማዕዘን ነው። በቃሉ ወረዳ ቆላ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማው ላይ ቆሞ ሲወነጭፍ፣ ሩቅ ያረፈውን የወፍ መንጋ ለመድረስ ድንጋዩን ከመንጋው በላይ አድርጎ ይለቀዋል። እኛም በርሜሉን ከዓይናችን መስመር ትንሽ ሽቅብ እናደርገዋለን። ይህን ማዕዘን በስኮፑ ማስተካከያ ልንሰጠው እንችላለን፣ በማሰሪያው ልንሰጠው እንችላለን፣ ለሁለቱ ልናካፍለውም እንችላለን። የማሰሪያው ጥቅም ሥራውን ከስኮፑ ውስጥ አውጥቶ ወደ ብረቱ ማዛወሩ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ኤምኦኤ ማለት አንድ ዲግሪ ለ60 ሲካፈል የሚገኝ ማዕዘን ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ በ50 ሜትር 1.45 ሴንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር ደግሞ 7.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥይትህ 0.55 ግራም ገደማ የሚመዝንና ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 240 ሜትር የሚጓዝ ነው እንበል፤ ጉልበቱ 16 ጁል ገደማ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥይት በባሕር ወለል አየር ውስጥ 25 ሜትር ሲደርስ ከበርሜሉ መስመር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 50 ሜትር ሲደርስ ደግሞ 26.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይገኛል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መውረዱ ከአራት እጥፍ የበለጠው አየሩ ጥይቱን እያዘገመው ስለሚሄድ ነው።

በዚህ ላይ የስኮፑ መሃል ከበርሜሉ መሃል ያለው ከፍታ ይጨመራል። 4.5 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ 25 ሜትር ላይ ማካካስ ያለብህ በጠቅላላው 10.5 ሴንቲ ሜትር ወይም 14.5 ኤምኦኤ ገደማ፣ 50 ሜትር ላይ ደግሞ 31 ሴንቲ ሜትር ወይም 21 ኤምኦኤ ገደማ ነው። በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለው ልዩነት 7 ኤምኦኤ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ልብ በልልኝ። የአንተ ስኮፕ በጠቅላላው 60 ኤምኦኤ የሚዞር ከሆነ፣ ከመሃሉ ወደ ላይ 30 አለውና 21ዱን ያለ ችግር መሸከም ነበረበት። ስላልቻለ፣ የጥይቱ መውረድ ብቻውን የችግርህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እኔ የምጠረጥረው በርሜሉን ነው። በሚታጠፍ በርሜል ላይ መገጣጠሚያው ሲዘጋ አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል አንጻር ወደ ታች ያዘነበለ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በጠመንጃው የራሱ ማነጣጠሪያ የሚተኩስ ሰው ይህ አይታወቀውም፤ የኋላውም የፊቱም ማነጣጠሪያ በርሜሉ ላይ ስለሚቀመጡ አብረው ያዘነብላሉ። ስኮፕ ግን የሚታሰረው በጠመንጃው አካል ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትህ በፊት ለካ። የከፍታ ማስተካከያውን ሳታስገድድ ወደ አንዱ ጫፍ ወስደህ፣ እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ያለውን ጠቅታ ቆጥረህ፣ ግማሹን ተመለስ። የግራ ቀኙንም እንዲሁ አድርግ። ከዚያ ትልቅ ካርቶን 25 ሜትር ላይ ተክለህ፣ ከላይኛው ጫፉ አጠገብ ባደረግኸው ነጥብ ላይ አነጣጥረህ ተኩስ፤ ጥይቶቹ ከነጥቡ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው እንዳረፉ ለክተህ አምጣልን።

ወልድዬው (ወልድያ)

መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወንድማችንን ወደማያስፈልግ ወጪ እንዳንመራው እሰጋለሁ። እኔ ስኮፔን 25 ሜትር ላይ አስተካክዬ ከዚያ በኋላ ማስተካከያውን አልነካውም። በስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል በሚል (ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው) የተከፋፈሉ ነጥቦች አሉት። መምህር በሰጡት ስሌት ብንሄድ፣ 25 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ 50 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል፤ አንድ ሚል በ50 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለተኛውን ነጥብ ዒላማው ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ይህ ያለ ምንም ማሰሪያ፣ ያለ ምንም ቶርኖ ቤት የሚሠራ ዘዴ ነው።

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

ወልድዬው፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ስኮፑ 25 ሜትሩን ያለ ጭንቅ ለሚደርስ ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በአብዛኞቹ ስኮፖች የማጉያው መጠን ሲቀየር ነጥቦቹ ዒላማው ላይ የሚሸፍኑት ርቀትም ይቀየራል፤ ስለዚህ ሚሉ ትክክል የሚሆነው አምራቹ ባስቀመጠው ማጉያ ላይ ብቻ ነው።

የጦሳ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ 25 ሜትሩን ራሱ የደረሰው በማስተካከያው ጫፍ ነው። በስኮፑ ውስጥ መስቀሉን የተሸከመች ትንሽ ቱቦ አለች፤ በአንድ ወገን የማስተካከያው ብሎን ይገፋታል፣ በተቃራኒው ሞላ ይዟታል። ማስተካከያው ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ ብሎኑ ስለሚሸሽ ሞላው ይላላል፣ ቱቦዋም በእያንዳንዱ ተኩስ ትንሽ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ሰውየው ጥይቱን ወይም እጁን ይወቅሳል እንጂ ስኮፑን አይጠረጥርም። በዚያ ላይ ቱቦዋ ያለችው በክብ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ከፍታዋ ጫፍ ሲደርስ ለግራና ቀኝ የሚቀራት ስፍራም ይጠባል። ነጥብ ቆጥሮ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

አወያይ

ውይይቱ ጠቃሚ ስለሆነ ይቀጥል። ይሁን እንጂ ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ አየር ጠመንጃም ሆነ የማነጣጠሪያ መነጽር ከመግዛታችሁ፣ ከማስመጣታችሁ ወይም ይዛችሁ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ፖሊስ በግንባር ቀርባችሁ ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። አካባቢያችን ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስኮፕ ያለበት መሣሪያ ከሩቅ ሲታይ የአየር ይሁን የባሩድ ለማንም አይለይም። በዚህ የውይይት ክር የምንነጋገረው ስለ ወረቀት ዒላማ ብቻ ነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አወያይ፣ ፈቃዱን በተመለከተ ያሉትን አድርጌአለሁ፤ አመሰግናለሁ።

መምህር፣ እንዳዘዙኝ ለካሁ። የከፍታ ማስተካከያው ከጫፍ እስከ ጫፍ 240 ጠቅታ አለው፤ እያንዳንዱ ጠቅታ ሩብ ኤምኦኤ ነው። መሃል ላይ አድርጌ 25 ሜትር ላይ ስተኩስ ጥይቶቹ ተቀራርበው ከነጥቡ 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው አረፉ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያፈነገጠ ነገር የለም። የስኮፑ ከፍታ እርስዎ እንደገመቱት 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። 240 ጠቅታ ማለት 60 ኤምኦኤ ነው፤ ከመሃል ወደ ላይ 30 አለህ። 18 ሴንቲ ሜትር በ25 ሜትር 25 ኤምኦኤ ያህል ስለሚሆን፣ 25 ሜትር ላይ ለመድረስ ብቻ ከ30ው 25ቱን ትበላለህ። ለ50 ሜትር ደግሞ 7 ያህል ይጨመርና 32 ይሆናል፤ ማስተካከያው ያለቀብህ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን 18ቱን ሴንቲ ሜትር ለየክፍላቸው እናካፍላቸው። 6ቱ የምድር ስበት ድርሻ ነው። 4.5ቱ የስኮፑ ከፍታ ነው። የቀረው 7.5 ሴንቲ ሜትር የበርሜሉ ማዘንበል ነው፤ ይህም 10 ኤምኦኤ ያህል ይሆናል። ከሁሉም የሚበልጠው ድርሻ የጥይቱ ሳይሆን የበርሜሉ ነው ማለት ነው። «ጥይቱ ስለሚወርድ ባለ ዘንበል ማሰሪያ ያስፈልጋል» የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። 50 ሜትርን ለማይሻገር ተኳሽ በርሜሉ ቀጥ ካለ ተራ ማሰሪያ ይበቃዋል፤ በርሜሉ ካዘነበለ ግን ለ25 ሜትር ለሚተኩሰውም ያስፈልገዋል። ይህን የሚወስነው ልኬት ብቻ ነው፣ የነጋዴም ሆነ የወዳጅ ግምት አይደለም።

ለአንተ የሚስማማህ 20 ኤምኦኤ ነው። 25 ሜትር ላይ ከመሃል 5 ብቻ፣ 50 ሜትር ላይ ደግሞ 12 ያህል ከፍ ብለህ ትሠራለህ፤ ሞላው በሁለቱም ርቀት ተወጥሮ ይቆያል። 30 ብትወስድ 25 ሜትር ላይ ከመሃል 5 ዝቅ ማለት ይኖርብሃል፤ ይህም ጉዳት የለውም፣ ግን አያስፈልግህም።

ቶርኖ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

መምህር ሥራውን ግማሽ አቃለሉልን። እኔ በብረቱ በኩል ያለውን ልናገር።

20 ኤምኦኤ በብረት ሲለካ ብዙ አይደለም። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 100 ሚሊ ሜትር ርቀት ካለ፣ የኋላው ከፊተኛው 0.58 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ የሚለው የኋላው መሆኑን አደራ አትርሳ፤ የፊቱን ከፍ ብታደርግ ጥይቱ ጭራሽ ይወርድብሃል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ከጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ በኋላው ቀለበት ሥር ያስገባል። እኔ ይህን ሥራ አልወደውም። ሁለቱ ቀለበቶች አንድ መስመር ላይ ሳይሆኑ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚታጠፈው የስኮፑ ቱቦ ነው፤ ቱቦው አሉሚኒየም ስለሆነ የቀለበቱን ጠርዝ ምልክት ይይዛል፣ ሲብስም በውስጡ ያለው ማስተካከያ ይጨነቃል። ለሙከራ ያህል በጣም ስስ የሆነ ነገር ማስገባት ይቻል ይሆናል፤ ለግማሽ ሚሊ ግን አይሆንም።

የሚሻለው ሁለቱ ቀለበቶች ከአንድ ወጥ መሠረት ጋር የተያያዙበት፣ ዘንበሉም በመሠረቱ ሥር የተፈረዘበት (በማሽን ተቆርጦ የወጣበት) ማሰሪያ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው በአንድ መስመር ይቆያሉ፣ የሚያዘነብለው ሙሉው ማሰሪያ ነው። ሁለተኛው አማራጭ በቀለበቱ ውስጥ እንደ ኳስ የሚዞር ማስገቢያ ያለው ዓይነት ነው፤ ቡሪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው የታወቀ ነው። ማስገቢያው ራሱን ከቱቦው ጋር ስለሚያስተካክል ቱቦው አይታጠፍም።

በፍሬዛ ማሽን የሚሠራልህ ሰው ካገኘህ፣ ቀጥ ያለ ባለ አንድ ወጥ ማሰሪያ ወስዶ ዘንበሉን ማውጣት አዲስ ከመሥራት ይቀላል። ችግሩ ብረቱን መቁረጡ አይደለም፤ የጠመንጃውን ሐዲድ (ማሰሪያው የሚቀመጥበትን ከአካሉ በላይ ያለ ስፍራ) የሚይዘው ጥርስ ከተፈረዘው ወለል ጋር በትክክል መግጠሙ ነው። የአየር ጠመንጃ ሐዲድ በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር ነው ቢባልም ከአምራች አምራች የጎኑ ማዕዘንና ጥልቀቱ ይለያያል። ስለዚህ ጠመንጃው ሳይመጣ በስልክ በተነገረ ልክ አልሠራም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ወዳጄ በርሜሉን ራሱን በመጠኑ ወደ ላይ ማቃናት ይቻላል፣ ማሰሪያም አያስፈልግም ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ቶርኖ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ወደዚያ አትሂድ። የሚያቃኑ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያለ ትክክለኛ መያዣና መለኪያ የሚደረግ ማቃናት የመገጣጠሚያውን ፒን ያላላል፣ ወይም በርሜሉን ወደ ጎን ይጥለዋል። ማሰሪያ ካልተስማማህ ታወርደዋለህ፤ የተጣመመ በርሜል ግን አይመለስም። ይልቅ መጀመሪያ የመገጣጠሚያውን ብሎን ተመልከት። ልል ከሆነ በርሜሉ በየተኩሱ የተለያየ ቦታ ይዘጋል፣ ያን ጊዜ መምህር ያሰሉልህ ቁጥር ሁሉ ይናዳል። ጥይቶችህ ተቀራርበው ካረፉ ግን ደህና ነው።

የቦርከና (ከሚሴ መንገድ)

መምህር፣ ስሌቱን የሠሩት በባሕር ወለል አየር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ያስተካከለ ሰው ሐርቡ ወርዶ ቢተኩስ ጥይቱ ሌላ ቦታ አይመታምን? ዘንበሉስ ለየከፍታው አይለያይም?

መምህር ዘሐይቅ (ሐይቅ)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወሎ ውስጥ ለሚተኩስ ሰው በተለይ ተገቢ ነው፣ ደጋውና ቆላው በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሚገናኙ።

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጥይቱን የሚይዘው አየር ስለሳሳ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ ይጥላል። በዚያው የአፈሙዝ ፍጥነት 50 ሜትር ላይ ያለው መውረድ ከ26.5 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። 25 ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ አይታይም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚህም በጣም ያንሳል።

ነገር ግን ባለ ሞላ ጠመንጃ ሌላ ጠባይ አለው። ጥይቱን የሚገፋው ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ ያገኘውን አየር ጨምቆ ነው፤ አየሩ ከሳሳ የሚጨመቀውም ስለሚያንስ ጠመንጃው በከፍታ ቦታ ጥቂት ፍጥነት ሊያጣ ይችላል። የአፈሙዙ ፍጥነት ከ240 ወደ 230 ቢወርድ 50 ሜትር ላይ መውረዱ በ2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ሳሳው አየር የሰጠውን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው። አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራው ዓይነት ግን አየሩን በራሱ ዕቃ ውስጥ ስለያዘ ይህ አይደርስበትም። የዘንበሉ ምርጫ በዚህ ሁሉ አይለወጥም፤ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር በ50 ሜትር ከአንድ ኤምኦኤ ትንሽ የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ጉዳይ ስለሆነ በጥቂት ጠቅታ ያልቃል።

ከከፍታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጠመንጃን አጋድሎ መያዝ ነው። ዳገት ላይ ተቀምጦ የሚተኩስ ሰው ሳያውቀው መሣሪያውን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። 5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ ሽቅብ የተሰጠው ማዕዘን ወደ ጎን ስለሚዞር 50 ሜትር ላይ ጥይቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ሰው ይህን ነፋስ ነው ይላል። ዒላማህ ላይ በክር የተንጠለጠለ ጠጠር አስቀምጠህ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር አገናኝ።

ወልድዬው (ወልድያ)

መምህር፣ በበርሜሉ ጉዳይ ተቀብያለሁ። የእኔ በርሜል የማይታጠፍ፣ በጎን ዘንግ የሚወጠር ስለሆነ ይህን ችግር አላየሁትም። ስለ ዓይን አቀማመጥ ግን ቢጨመር መልካም ነው። ለባሩድ ጠመንጃ የተሠሩ ብዙ ስኮፖች መስቀላቸውና የዒላማው ምስል በትክክል የሚገጥሙት 100 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ25 ሜትር ላይ ጭንቅላት ትንሽ ሲንቀሳቀስ መስቀሉ ዒላማው ላይ ይዋልላል። የፊት መስታወቱ እስከ 10 ሜትር ድረስ የሚስተካከል ስኮፕ ከሌለው፣ የጦሳ ልጅ ጉንጩን በሰደፉ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማሳረፍ አለበት። ማሰሪያው የኋላውን ከፍ ሲያደርገው የዓይኑም ቦታ በመጠኑ ከፍ ይላልና እንደገና ይለማመደው።

ቶርኖ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

እውነት ነው። በተጨማሪ ባለ ሞላ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይረግጣል፤ ፒስተኑ ሲወረወር ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ሲቆም ወደ ፊት። ለባሩድ ብቻ የተሠራ ስኮፕ የሚችለው የኋላውን ስለሆነ በፊተኛው ሊበላሽ ይችላል፤ ሻጩን «ለባለ ሞላ አየር ጠመንጃ የተፈቀደ ነው ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። በዚሁ ርግጫ ማሰሪያው በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ማሰሪያ ደግሞ የጥይት መውረድ መስሎ ይታያል። የጦሳ ልጅ፣ ሐዲድህ ላይ የማቆሚያ ፒን የሚገባበት ቀዳዳ አለ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አለ ጋሼ፤ በሐዲዱ የኋላ ጫፍ ላይ በተከታታይ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። የመገጣጠሚያውን ብሎንም አይቻለሁ፣ ልል አይደለም። ለነጋዴው 30ው እንደማያስፈልገኝ ነግሬ፣ ባለ አንድ ወጥ ቀጥ ያለ ማሰሪያ ገዝቻለሁ። ፍሬዛው በእርስዎ እጅ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ቶርኖ ኮምቦልቻ (ኮምቦልቻ)

እንግዲያው ፒኑን በመካከለኛው ቀዳዳ ልክ እናወጣዋለን። ጠመንጃውን ፈተህ፣ ጥይት ሳይኖርበት፣ በቦርሳ ውስጥ ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር ይዘህ ና። ስኮፑንም አምጣ፤ የቱቦውን ውፍረት፣ 25.4 ይሁን 30 ሚሊ ሜትር፣ በካሊፐር ሳላይ ቀለበቱን አልነካም። ከተገጠመ በኋላ የቀለበቱን ብሎኖች በአንድ ጊዜ አታጥብቅ፤ ተሻጋሪውን እየተከተልህ ጥቂት በጥቂት አዙር፣ በሁለቱም ወገን ያለው ክፍተት እኩል ሲሆን አቁም። ከዚያ ማስተካከያውን መሃል ላይ መልሰህ፣ ያንኑ ካርቶን 25 ሜትር ላይ ተክለህ ተኩስ። ከነጥቡ 3.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ካረፈ ዘንበሉ 20 ሆኗል፤ ከዚያ የራቀ ከሆነ መልሰህ አምጣው፣ አስተካክለዋለሁ።